የልብ ሩጫ ምርመራ ስንት ያስከፍላል? ከመክፈልዎ በፊት መስኮቱ ላይ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስልክ ደውለው «የልብ ሩጫ ምርመራ ስንት ነው?» ይላሉ፤ ትሬድሚል በሚባል ተንቀሳቃሽ መሮጫ ላይ እየሄዱ የልብዎ የኤሌክትሪክ ንድፍ የሚነሳበትን ምርመራ ማለትዎ ነው። ማዶ ያለችው ልጅ አንድ ቁጥር ትነግርዎታለች። እርስዎም አመስግነው ይዘጋሉ፤ ያችኑ ገንዘብ ቆጥረው ይዘው ይመጣሉ፤ ከዚያ ክፍያ መስኮቱ ላይ ጠብ ይነሳል። ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ሕክምና ተቋም ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስሠራ ይህን ጠብ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ ስሰማው ኖሬያለሁ። ልጅቷ አልዋሸችም፣ ታካሚውም አላጭበረበረም። ጥያቄው ነው ጎዶሎ የነበረው።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሆኖም ሰፈር ውስጥ ደረቱን ያመመው ሰው ሁሉ ከሐኪሙ ቀጥሎ ወደ እኔ ይመጣል። ሐኪም ስላልሆንኩ ማንንም መድኃኒት ጀምር ወይም አቁም አልልም። ሂሳብ ግን አውቃለሁ። የዚህ ምርመራ ሂሳብ በምን በምን እንደሚያብጥ፣ የት ላይ መቀነስ እንደሚቻል፣ የት ላይ ደግሞ ቅናሽ መፈለግ ጅልነት እንደሆነ ልንገርዎ።

በብር ይህን ያህል ነው ብዬ አልጽፍም፤ ምክንያት አለኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር ዕድሜው አጭር ሆኗል። ደረት ላይ የሚለጠፈው ኤሌክትሮድ፣ ጄሉ፣ የመሣሪያው ወረቀትና መለዋወጫው ሁሉ በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ነው፤ አንድ ዶላር ደግሞ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ጎረቤትዎ አምና የከፈለው ለእርስዎ መረጃ አይሆንም። የሚሻለው ዋጋውን ራስዎ መጠየቅ፣ የተነገረዎትንም ከነቀኑና ከነገረዎት ሰው ስም ጋር መጻፍ ነው።

ቁጥሩ ውስጥ ምን ምን ተቆጥሯል?

የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ይኖራል። እሱም ይህንኑ ምርመራ አድርጎ ሁለት የክፍያ ወረቀት መጣለት፤ አንዱ ከሆስፒታሉ፣ ሌላው ከሐኪሙ። «አክስቴ፣ ሁለት ጊዜ አስከፈሉኝ» ብሎ ሲያማርር ወረቀቱን በስልክ አንብብልኝ አልኩት። እዚያ አገር እያንዳንዱ የሕክምና ሥራ የሂሳብ መለያ ቁጥር አለው። የሩጫው ምርመራ ባንድነት ሲከፈል 93015 ነው። ሲከፋፈል ደግሞ 93016 አጠገብ ሆኖ ለሚቆጣጠረው ሐኪም፣ 93017 ለመሣሪያውና ለሚወጣው የልብ ንድፍ፣ 93018 ንድፉን አንብቦ ውጤት ለሚጽፈው ነው። ሆስፒታሉ ያስከፈለው የመሣሪያውን፣ ሐኪሙ ያስከፈለው የቀሩትን ሁለቱን ነበር። ድርብ ክፍያ አልነበረም ማለት ነው። በዚያ አገር ሆስፒታሎች ዋጋቸውን በይፋ እንዲያወጡ እ.አ.አ. ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ግዴታ ተጥሎባቸዋል፤ መድን የሌለው ሰውም ከ2022 ወዲህ የወጪ ግምቱን አስቀድሞ በጽሑፍ የመቀበል መብት አለው።

እኛ ጋ መለያ ቁጥሩ ባይኖርም ሦስቱ ሥራዎች ያው ናቸው፦ አንድ የሚቆጣጠር ሰው፣ አንድ መሣሪያ፣ አንድ የሚያነብ ሐኪም። በስልክ የሚነገርዎት ቁጥር ሦስቱንም የያዘ ነው ወይስ የመሣሪያውን ብቻ? መጀመሪያ ይህን ያጣሩ። መሣሪያው ያለበት ቦታ ሁልጊዜ የልብ ሐኪም አይቀመጥም። ሐኪሙ በሳምንት የተወሰነ ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ሩጫውን ማክሰኞ ሮጠው ንባቡን ለሚቀጥለው ሳምንት ሊጠብቁ ነው፤ ከደሴ ውጭ ካሉት ከኩታበር ወይም ከሐይቅ ከተማ ለሚመጣ ሰው ይህ ሁለተኛ የመጓጓዣ ወጪ ነው።

ከሦስቱ ውጭ ያለው ደግሞ ዙሪያውን የከበበው ወጪ ነው። ካርድ ማውጫ አለ። የስፔሻሊስት ምርመራ አለ፤ ይህ ከጠቅላላ ሐኪም ይወደዳል። ተኝተው የሚነሱት የልብ ንድፍ፣ ማለትም ኢሲጂ፣ አለ። ብዙ ጊዜ የልብ አልትራሳውንድ፣ ኢኮ የሚባለው፣ ይታዘዛል። የስኳር፣ የኮሌስትሮልና የኩላሊት የደም ምርመራ ይጨመራል። በመጨረሻ ውጤት ለማሳየት ሲመለሱ ካርድዎ ጊዜው አልፎበት ከሆነ እንደገና ይከፍላሉ። ካርድ የሚያገለግልበት ቀን ከተቋም ተቋም ይለያያል፤ ቀጠሮዎ ከዚያ ቀን በኋላ እንዳይውል ገና ሲመዘገቡ ይጠይቁ። እኔ መስኮት ላይ ሳለሁ ይህን የሚጠይቅ ሰው ከስንት አንዱ ነበር።

እንግዲህ ስልኩን እንደገና ያንሱና እንዲህ ይበሉ፦ «እህቴ፣ የትሬድሚሉ ዋጋ የሐኪሙን ንባብ ይጨምራል ወይ? ኢሲጂው ለብቻው ይከፈላል ወይ? ውጤቱ በዕለቱ ይሰጣል? ለማሳየት ስመለስ ካርዱ ይሠራል? በመሀል መብራት ቢጠፋ ወይም መሣሪያው ቢቆም እንደገና እከፍላለሁ?» የመጨረሻዋን ጥያቄ ሲሰሙ ይስቁ ይሆናል፤ ይሳቁ። መሮጫው ላይ እያለከለከ መብራት የጠፋበት ሰው ግን አይስቅም። ጄኔሬተር መኖሩንም በዚያው ይጠይቁ።

የዋጋ ዝርዝሩን ራስዎ የሚያነቡ ከሆነ ምርመራው በተለያየ ስም እንደሚጻፍ ይወቁ። ትሬድሚል፣ ስትረስ ቴስት፣ ኢቲቲ ወይም ቲኤምቲ ተብሎ ቢያዩት አንድ ነው። «ስትረስ ኢኮ» የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ሩጫውን ከአልትራሳውንድ ጋር ያጣመረ በመሆኑ ይበልጥ ይወደዳል። ስለ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚጨነቁም አሉ። ሕክምና ከዚህ ታክስ ነጻ ከሆኑ አገልግሎቶች አንዱ ስለሆነ ደረሰኝዎ ላይ 15 በመቶ ተደምሮ ካዩ ዝም ብለው አይክፈሉ፤ ያስረዱኝ ይበሉ።

ምርመራው ለእርስዎ ይሆናል ወይ?

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ዋጋው ስለበዛ ሳይሆን ምርመራው ለሰውየው ስላልሆነ ነው። ሩጫው የሚጠቅመው በተለይ ዳገት ሲወጣ ወይም ሲቸኩል ደረቱን የሚያፍነው፣ ሲያርፍ የሚተወው ሰው ላይ ነው። የልብ የደም ሥር ጠቧል ወይ የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ይረዳል። ምልክት ለሌለውና ደም ግፊቱም ስኳሩም ደህና ለሆነ ሰው «ለማንኛውም ልታይ» ተብሎ እንዲደረግ አይመከርም። በጥቅል የጤና ምርመራ ውስጥ ተከትቶ ሲያዩት አይጓጉ።

ልጅ እያለ ቁርጥማት አሞት ልቡ የተነካ፣ በቫልቭ ሕመም የሚታከም ወጣት በአገራችን ብዙ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ዋናው ምርመራ ኢኮ ነው። ዘመድ ሰምቶ «ሩጫውን አሠሩት» ስላለ ብቻ ገንዘብ አያውጡ፤ አንዳንድ ከባድ የቫልቭ ጥበት ላይ ሩጫው ራሱ አደጋ አለው።

በተቃራኒው ደግሞ ሁሉን ነገር ጨጓራ የሚያደርግ ሰው አለ። አንድ ሀጂ ጎረቤቴ ከገበያ ወደ ቤታቸው ዳገቱን ሲወጡ ደረታቸውን ይዘው ይቆማሉ፤ ሲቆሙ ይተዋቸዋል፤ ሲሄዱ ይመለሳል። እሳቸው «ጨጓራዬ ነው፣ ሽሮ አይስማማኝም» እያሉ የጨጓራ መድኃኒት ይገዙ ነበር። ጨጓራ ዳገትና ሜዳ አይለይም፤ ልብ ግን ይለያል። ለሐኪም ይህችን አንዷን ነገር በትክክል መንገር፣ ማለትም ስንት ደረጃ ሲወጡ እንደሚጀምርዎና ስንት ደቂቃ ሲያርፉ እንደሚተውዎት፣ ከብዙ ምርመራ ወጪ ያድናል። ነጻ ናት።

ሕመሙ ቁጭ ባሉበት ከመጣ፣ ላብ ካጠመቀዎት፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከዘለቀና አልለቅ ካለ ግን የዋጋ ጥያቄ የለም፤ የሩጫ ምርመራም የለም። ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ሌላው ገንዘብ የሚበላ ነገር ቅደም ተከተል ማፋለስ ነው። ተኝተው የሚነሱት ኢሲጂ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ እሱ ሳይታይ ወደ ሩጫ አይሂዱ። ንድፉ ላይ የግራው የልብ የኤሌክትሪክ መስመር መዘጋት ከታየ ወይም በደረትዎ የተቀበረ የልብ ምት መሣሪያ ካለ፣ ተራው ሩጫ ሮጠው ጨርሰው እንኳ ንድፉ ለማንበብ አይመችም። ሐኪሙ አስቀድሞ ቢያይ ኖሮ ወደ ሌላ ዓይነት ይልክዎት ነበር። ጉልበትዎ የማያስኬድ ከሆነም እንዲሁ። መሮጥ ለማይችል ሰው ዶቡታሚን የሚባል የልብን ምት የሚያፈጥን መድኃኒት በደም ሥር እየተሰጠ ልቡ በኢኮ ይታያል። ከዚህም በላይ የኒውክሌር ምርመራ፣ ማለትም ጨረር ያለው ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ የልብ ምስል የሚነሳበት፣ አለ፤ የሚጠቀሙበት ቴክኒሺየም የሚባለው ንጥረ ነገር በ6 ሰዓት ውስጥ ግማሹ ስለሚከስም እንደ ሌላ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ አይከማችም፤ ለመወደዱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሐኪሙን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ ሳያፍሩ፦ «ዶክተር፣ ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ምን ያደርጉልኛል፣ እንዲያ ቢሆንስ?» ሁለቱም መልስ ያው መድኃኒት ከሆነ ምርመራው ሊቆይ ይችላል። መልሱ «ከተበላሸ ወደ አዲስ አበባ ለአንጂዮግራፊ እልክሃለሁ» ከሆነ ደግሞ፣ ማለትም የልብ የደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ በራጅ ወደሚታይበት ምርመራ፣ የሩጫው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። በተለይ ሴቶች ይህን ያስቡበት፤ በእኛ በሴቶች ላይ የሩጫው ንድፍ የደም ሥር ሳይጠብ የጠበበ መስሎ የሚታይበት አጋጣሚ ከወንዶቹ ይበዛል። የተበላሸ ውጤት ይዛ እያለቀሰች የመጣች ሴት በኋላ ምንም ሳይገኝባት ቀርቷል። አብሽሪ ብያታለሁ፤ ሁለተኛውን ምርመራ ግን መክፈሏ አልቀረም።

የት ይሠራ? በምን ይከፈል?

በመንግሥት ሆስፒታል መደበኛው አገልግሎት ከሁሉም ይረክሳል፤ ወረፋው ግን አለ። እዚያው ግቢ ውስጥ ከመደበኛ ሰዓት ውጭ የሚሠራ የግል ክፍል ካለ ዋጋው ከመደበኛው ከፍ ይላል፤ ሐኪሙና መሣሪያው ያው ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ የግል የሆነው ነው። ሰዎች ሁለተኛውን ይዘሉታል፤ ከመንግሥት ወረፋ ሸሽተው ቀጥታ ወደ ግል ይሄዳሉ። በመሀል ያለውን ጠይቀው ይለፉ።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑ መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ወሎ ለዚህ ነገር አዲስ አይደለም፤ መድህኑ እ.አ.አ. በ2011 ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ እዚሁ አጠገባችን ያለው ተሁለደሬ ነበር። ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ ደብተሩን በኪሱ ይዞ ቀጥታ ስፔሻሊስት ጋ የሚሄድ፣ ከዚያ «መድህን አለኝ እኮ» ብሎ መስኮት ላይ የሚቆም አለ። የሪፈር ወረቀት ከሌለ ደብተሩ ብቻውን አይሠራም። ወረቀቱ ላይ ማህተምና ፊርማ መኖሩን፣ የአባልነት መዋጮው የዘንድሮ መሆኑን፣ ስምዎ ደብተሩ ላይ እንደ መታወቂያዎ መጻፉን ቤት ሳሉ ያረጋግጡ። «ሰይድ» እና «ሰዒድ» ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለሂሳብ ክፍል ሁለት ሰው ነው።

የታዘዘልዎት ምርመራ በዚያ ሆስፒታል ከሌለና ወደ ውጭ ከተላኩ ከመክፈልዎ በፊት የመድህን ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ፤ የሚሄዱበት ተቋም ውል አለው ወይ? ውል ከሌለው ከፍሎ ማስመለስ የሚባለው ነገር አድካሚ ነው። መክፈል ፈጽሞ የማይችል ሰው ደግሞ ከቀበሌው ጀምሮ የነጻ ሕክምና ማስረጃ የሚያገኝበት አሠራር አለ፤ ይህም ከታመሙ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው የመሥሪያ ቤቱን የሕክምና ውል ይመልከት። የአሠሪው የዱቤ ደብዳቤ የምርመራውን ስም የሚጠቅስ መሆን አለበት። «ለሕክምና» ብቻ የሚል ደብዳቤ ይዘው ሲመጡ ካርዱና ሐኪሙ ይሸፈንና ትሬድሚሉ ላይ ሂሳብ ክፍሉ ስልክ መደወል ይጀምራል። ደብዳቤውን የሚጽፈው ሰው ምሳ ወጥቷል። እርስዎ ባዶ ሆድዎን ቁጭ ብለዋል።

በጥሬ ገንዘብም ሆነ በቴሌብር ሲከፍሉ የተቋሙን ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የስልክ መልእክቱ ብቻውን ለአሠሪም ለመድህንም አይበቃም። በደረሰኙ ላይ እያንዳንዱ አገልግሎት በየስሙ እንዲጻፍ ይጠይቁ። «የሕክምና አገልግሎት» ተብሎ ባንድ መስመር የተጻፈ ደረሰኝ ሌላ ቦታ ሄዶ አይከራከርልዎትም። ገንዘቡ ከጎደለ ዕቁብ ካለዎት ዳኛውን ያናግሩ፤ ለሕክምና ሲሆን ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን መልቀቁ በእኛ አገር የተለመደ ነው። በወለድ ከመበደር ይህ ይሻላል።

ወደ አዲስ አበባ የሚላኩ ከሆነ ሂሳቡ ይቀየራል። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሂሳቡን የእርስዎን ትኬት ብቻ አድርገው አይያዙት፤ አስታማሚ አለ፣ አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፣ የከተማ ታክሲ አለ። የምርመራው ዋጋ በሁለት ቦታ በትንሽ ቢለያይ ቅርብ ያለውን ይምረጡ፤ ልዩነቱን መንገዱ ይበላዋል። መሄድዎ ካልቀረ ቀጠሮ በስልክ ሳይዙ አይሳፈሩ፤ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ውለው በማግስቱ ጠዋት ከመሮጥም አንድ ቀን ማረፍ ይመረጣል። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የሚሄድም ቢሆን ያው ነው፤ ሌሊት ያልተኛ ሰው እንደ ልቡ አይሮጥም። የቀድሞ ኢሲጂዎን፣ የኢኮ ውጤትዎንና የመድኃኒት ካርቶኖችዎን ይያዙ። የቅርብ ጊዜ ኢኮ ያለው ሰው «ይህ አለኝ፣ ይበቃል ወይ?» ካላለ ሁለተኛ ሊታዘዝለት ይችላል።

ቀኑ ሲደርስ ገንዘብዎን እንዳያባክኑ

ከምርመራው ሁሉ የሚያሳዝነው ተከፍሎበት «ውጤቱ አይታወቅም» የሚባለው ነው። ልብዎ የሚፈለገው ምት ላይ ካልደረሰ ንድፉ ንጹህ ቢሆንም ሐኪሙ ልበ ሙሉ ሆኖ ደህና ነዎት ሊል አይችልም። የሚፈለገው ምት በግምት የሚሰላው ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሶ የቀረውን 85 በመቶ በማድረግ ነው። ዕድሜዎ 55 ከሆነ 165 ይቀራል፤ 85 በመቶው 140 ነው። በደቂቃ 140 ጊዜ እስኪመታ መሄድ አለብዎት ማለት ነው።

እዚያ እንዳይደርሱ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋናው መድኃኒት ነው። አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ልቡ እንዲረጋጋ የሚያደርገውን መድኃኒት ውጦ ልቡን ሊያስሮጥ ነው። አንዳንዴ ሐኪሙ ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት እንዲቆም ያዛል፤ አንዳንዴ ደግሞ እየተወሰደ እንዲሠራ ይፈልጋል። በራስዎ አያቁሙት፤ በድንገት ማቆም ጉዳት አለው። ቀጠሮ ሲይዙ «የደም ግፊት መድኃኒቴንስ?» ብለው ጠይቀው መልሱን ወረቀት ላይ ያስጽፉ። የስኳር በሽተኛ ከሆኑ የኢንሱሊኑንና የምግቡን ሰዓት እንዲሁ። ከምርመራው በፊት ለጥቂት ሰዓታት ምግብ አይበላም፤ ያንን ከኢንሱሊን ጋር ማስማማት የሐኪሙ ሥራ ነው። የረመዳን ጾም ላይ ወይም በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ቀጠሮውን ወደ ኋላ ቢገፋው ወይም ሐኪሙን ቢያማክር መልካም ነው፤ ውኃ ሳይቀምሱ መሮጥ ማንንም አይጠቅምም።

ቡናና ሻይ ከዋዜማው ጀምሮ ይቅር። አውቃለሁ፣ ወሎ ውስጥ እንግዳ ሆነው ቡና አልጠጣም ማለት ከባድ ነው፤ ሐኪም ከለከለኝ ይበሉ፣ ይገባቸዋል። ጫት የሚቅሙም እውነቱን ለሐኪሙ ይናገሩ። ጫት የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ስለሚያደርግ ግፊትዎ ከመነሻው በጣም ከፍ ብሎ ከተገኘ ምርመራው ሊሰረዝ ይችላል፤ ያ ማለት ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ ቀን ከሥራ መቅረት ነው።

ስለ ልብስ ትንሽ ልበል። ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝና ልቅ ሱሪ ይልበሱ፤ ጫማው ስኒከር ይሁን። በሸበጥ የመጣ ሰው የነርሷን ጫማ ተውሶ ሲሮጥ አይቻለሁ። ሴቶች ሴት ነርስ እንድትለጥፍልዎት ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ፤ ሒጃብዎን ማውለቅ አያስፈልግም፣ ደረት ላይ ግን 10 ቦታ ገደማ ኤሌክትሮድ ስለሚለጠፍ ከቀሚስ በታች ሱሪ፣ ከላይ ተነጣይ ልብስ ያስፈልጋል። ያን ዕለት ጠዋት ደረትዎን ቫዝሊንም ሆነ ሎሽን አይቀቡ። ቅባት ያለበት ቆዳ ላይ ኤሌክትሮዱ አይዝም፤ ላብ ሲጨመርበት ይንሸራተታል፤ ነርሷ በአልኮል ታሽና ሌላ ትለጥፋለች፤ ንድፉም ይረበሻል። ጸጉራም ደረት ያለው ወንድ የተወሰነ ቦታ ይላጫል፤ ተዘጋጅተው ይምጡ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚመጡ ሰዎች የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተው ከመኪና እንደ ወረዱ ወደ ምርመራው ክፍል አይግቡ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደሴ ወደ 2,500 ይጠጋል። ልዩነቱ ብዙ ባይመስልም ለሚሮጥ ሰው ይታወቃል፤ መኪና የሚያዞረው ሰው ደግሞ ጠመዝማዛው ብቻ ይበቃዋል። ቀደም ብለው ይድረሱ፣ ቁጭ ይበሉ፣ ትንፋሽዎ ይመለስ።

ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ብሩስ የሚባለው አካሄድ ነው፤ በየ3 ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል። ሲጀመር በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር፣ 10 በመቶ ዳገት ነው፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ 5.5 ኪሎ ሜትርና 14 በመቶ ዳገት ይሆናል። ብዙ ሰው እዚያ አካባቢ ያቆማል። በመሀል ግፊትዎ ይለካል። ደረትዎ ከታፈነ፣ ካዞረዎት ወይም እግርዎ ከከዳዎት ይናገሩ፤ ገንዘብ ከፍያለሁ ብለው አይታገሉ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ በሕመም የቆመ ምርመራ የባከነ አይደለም፤ ለሐኪሙ ትልቅ መልስ ነው፤ ክፍያውም አይመለስም። የመሮጫውን መደገፊያ ብረት ግን ጨብጠው አይንጠልጠሉበት፤ ክብደትዎን ክንድዎ ላይ ከጣሉት ልብዎ የሚገባውን ያህል አይሠራም።

ቅናሽ መፈለግ የሌለብዎት አንድ ቦታ አለ። ክፍሉ ውስጥ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳው መሣሪያ፣ ዲፊብሪሌተሩ፣ አለ ወይ? ሲሮጡ አጠገብዎ የሠለጠነ ሰው ይቆማል ወይ? በዚህ ምርመራ ከባድ አደጋ የሚደርስበት ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ጥቂት መሆኑን አስተማማኝ የሚያደርገው ግን ይህ ዝግጅት ነው። እነዚህ በሌሉበት ቦታ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም አልሮጥም፤ እህቴንም አላስሮጥም።

ወረቀቱን ይዘው ሲወጡ

ውጤቱ በተጻፈበት ገጽ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሮጡ፣ ልብዎ እስከ ስንት እንደመታ፣ ግፊትዎ ስንት እንደደረሰና ለምን እንደቆመ መጻፍ አለበት። «ኖርማል» ብቻ ተብሎ ከተሰጠዎት ያልተሟላ ነው፤ ሌላ ሐኪም በዚያ ላይ ተማምኖ ሊወስን ስለማይችል እንደገና ያስሮጥዎታል። የከፈሉበት ነውና እንዲሞላልዎት ይጠይቁ፤ ጨዋ በሆነ ቃል ከተጠየቀ እምቢ የሚል አላየሁም።

ንድፉ የወጣበት ወረቀት በሙቀት የሚታተም ከሆነ ከጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ከቆየ ደግሞ ይፈጥናል፤ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ተጨማዶ የከረመ ንድፍ ነጭ ወረቀት ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ። በዚያው ቀን ፎቶ ኮፒ ያስነሱት፣ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት። ደረሰኙንም አብረው ኮፒ ያስደርጉ፤ የደረሰኝ ወረቀትም ያው ነው። አሠሪም ሆነ መድህን ዋናውን ሲጠይቅ ፈርሞ እንዲቀበልዎት ያድርጉ፤ ኮፒው እርስዎ ጋ ይቅር።